ለጋንዳም ሞዴል መቆሚያ ስንሠራ፦ የቱን መርጠን የቱን እንተው?

ተገጣጥሞ ያለቀ የጋንዳም ሞዴል ጠረጴዛ ላይ ሲቆም የሚያጣው ግዝፈቱን ነው። ጋንዳም ስለ ግዙፍ ሮቦቶች የሚተርክ የጃፓን አኒሜሽን ነው፤ በታሪኩ ውስጥ አርኤክስ-78-2 የተባለው ዋናው ሮቦት 18 ሜትር ይረዝማል፤ ባዶውን 43.4 ቶን፣ ሙሉ ትጥቁን ይዞ 60 ቶን ይመዝናል። ጠረጴዛው ላይ ግን 12.5 ሳንቲሜትር ነው፤ የቡና ሲኒ አጠገቡ ቢቀመጥ ወገቡ ድረስ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። መልክዓ ምድር ያለው መቆሚያ የሚሠራው ለዚህ ነው፦ ተመልካቹ ሲኒውን ረስቶ 18 ሜትሩን እንዲያይ። ሣሩ ማማሩ፣ ድንጋዩ ድንጋይ መምሰሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ጉዳይ ነው።

ጃፓኖች ይህንኑ ሮቦት እ.ኤ.አ. በ2009 ቶኪዮ ውስጥ ኦዳይባ በተባለው ስፍራ በሙሉ ቁመቱ አቁመውት ነበር። ዮኮሃማ ላይ ደግሞ ከታኅሣሥ 2020 እስከ መጋቢት 2024 ድረስ የሚንቀሳቀስ ሌላ ለሕዝብ ሲታይ ቆይቷል። የእነዚያን ፎቶግራፎች ልብ ብሎ ያየ ሰው ትምህርቱን የሚያገኘው ከሮቦቱ ሳይሆን እግሩ ሥር ከተሰበሰቡት ሰዎች ነው። ሰዎቹን በእጃችሁ ብትሸፍኗቸው ሮቦቱ ተመልሶ መጫወቻ ይሆናል። ከዚህ በታች ያሉትን አማራጮች ሁሉ የምመዝነው በዚህ ነው፤ ግዝፈትን የሚያሳይ ምርጫ ያሸንፋል፣ የማያሳይ ደግሞ የቱንም ያህል ቢያምር ወደ ኋላ ይቀራል።

ስኬሉ ግማሹን ይወስናል

ባንዳይ የተባለው የጃፓን መጫወቻ አምራች የመጀመሪያውን የጋንዳም ተገጣጣሚ ሞዴል እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1980 ለገበያ ሲያወጣ ስኬሉ፣ ማለትም ሞዴሉ ከዋናው ልክ የሚያንስበት መጠን፣ 1/144፣ ዋጋው 300 የን ነበር። ዛሬ በብዛት የሚገኙት ሦስት ስኬሎች ናቸው፦ ኤችጂና አርጂ የሚባሉት የባንዳይ ተከታታዮች በ1/144፣ ኤምጂ በ1/100፣ ፒጂ በ1/60። ያው ሮቦት በቅደም ተከተል 12.5፣ 18 እና 30 ሳንቲሜትር ይሆናል። ሞዴሎቹን የሚያወዳድር ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ክፍሎቹ ብዛትና ስለ ዋጋቸው ነው። መቆሚያ ለመሥራት ያሰበ ግን መጠየቅ ያለበት ሌላ ነገር ነው፦ በዚያ ስኬል ሰው፣ መኪና፣ ዛፍና የመንገድ መብራት ከየት ይገኛል?

በ1/144 መልሱ ቀላል ነው። ጃፓን ውስጥ በጣም የተስፋፋው የሞዴል ባቡር ስኬል 1/150 ነው፤ በአውሮፓና በአሜሪካ ያለው አቻው 1/160 ነው። ልዩነቱን ዓይን አይለየውም፤ ስለዚህ ለባቡር የተሠራው ቤት፣ ዛፍ፣ አጥርና መንገደኛ ሁሉ ለጋንዳምም ይሆናል። 1 ሜትር ከ75 የሆነ ሰው በዚህ ስኬል 12 ሚሊሜትር ነው። ዝርዝሩ የማይታይ ስለሆነ ከሽቦና ከስቱኮ በእጅ ጠፍጥፎ መሥራትም ይቻላል፤ ከሩቅ ቅርጹ ብቻ ነው የሚነበበው።

1/100 መሐል ላይ የተንጠለጠለ ስኬል ነው። ለእሱ ቅርብ የሆነው የባቡር ስኬል 1/87 ሲሆን፣ በዚያ ስኬል ያው ሰው 20 ሚሊሜትር ይሆናል፤ መሆን የነበረበት ግን 17.5 ነው። አንድ ሰው ብቻውን ከፊት ቢቆም ችግር የለውም፤ በር አጠገብ ካቆማችሁት ግን ይታያል። ከባቡር ዕቃ ይልቅ የተሻለው መፍትሔ የአርክቴክቸር ሞዴል ዕቃ ነው። አርክቴክቶች 1/100 አዘውትረው ስለሚጠቀሙ ሰዎችና ዛፎች በትክክለኛው ልክ ይሸጣሉ፤ አርክቴክቸር የሚማር ዘመድ ወይም ጓደኛ ያለው ሰው ደግሞ ካርቶኑንም ሙያውንም ከአንድ ቦታ ያገኛል።

1/60 ያልተጠበቀ ጥቅም አለው። በየሱቁ የሚሸጡት ትንንሽ የብረት መጫወቻ መኪናዎች ብዙዎቹ ወደ 1/64 ይጠጋሉ፤ ቀለማቸውን በአቧራ ቀለም ብቻ ብታደበዝዙት ከፒጂ እግር ሥር ያለ ጥርጥር ይቆማሉ። ለጠረጴዛ ጦርነት ጨዋታ የሚሠሩት 28 ሚሊሜትር የሚባሉ ምስሎችም ለዚህ ስኬል ልክ ናቸው። ችግሩ ስፋቱ ነው። 30 ሳንቲሜትር የሚረዝም፣ እግሩን ከፍቶ የቆመ ሮቦት ቢያንስ 35 በ35 ሳንቲሜትር መቆሚያ ይጠይቃል፤ ያንን የሚያህል መሬት በዝርዝር መሙላት ደግሞ የወራት ሥራ ነው። ለጀማሪ 1/144ን እመክራለሁ፤ 20 በ20 ሳንቲሜትር ይበቃዋል፣ ቢበላሽም ብዙ አያስቆጭም።

በረሃ፣ ከተማ፣ ደን ወይስ የጥገና አዳራሽ?

ሰው ሁሉ የሚጀምረው ከበረሃ ነው፤ ምክንያቱም አሸዋ ርካሽ ነው፣ ሕንፃ መሥራትም አይጠይቅም። ግን በረሃ በመለኪያችን ሲመዘን ደካማ ነው። ድንጋይና አሸዋ የራሳቸው የሆነ ስኬል የላቸውም፤ ጠጠር በቅርብ ቢታይ ቋጥኝ ይመስላል፣ ቋጥኝ በሩቅ ቢታይ ጠጠር። ስለዚህ ሮቦቱ 18 ሜትር ይሁን 18 ሳንቲሜትር የሚናገርለት ነገር የለም። እንዲያውም ተራ አሸዋ ያጋልጠዋል፦ 1 ሚሊሜትር የሆነች ቅንጣት በ1/144 የ14 ሳንቲሜትር ድንጋይ ናት። አሸዋ ያልነው ሜዳ በዚህ ስኬል የኮብልስቶን ክምር ነው ማለት ነው። በረሃን የሚወድ ሰው አሸዋውን በሻይ ማጥለያ ነፍቶ የወረደውን ዱቄት ብቻ ይጠቀም፤ ከዚያ የሰው እጅ የሠራው አንድ ነገር ይጨምር፤ የስልክ እንጨት፣ በግማሹ የተቀበረ የጭነት መኪና፣ ወይም ሌላው ቢቀር የጎማ ዱካ።

ከተማ የእኔ ምርጫ ነው። የአንድ ፎቅ ከፍታ 3 ሜትር ቢሆን በ1/144 21 ሚሊሜትር ይሆናል፤ ባለ ስድስት ፎቅ ሕንፃ ከሮቦቱ ጋር ይተካከላል። ይህን ንጽጽር ተመልካቹ ሳያሰላው ይገባዋል፤ ስድስት ፎቅ ምን ያህል እንደሆነ ከመንገድ ላይ ያውቀዋልና። በር 14 ሚሊሜትር፣ የአንድ መኪና መንገድ ስፋት 24 ሚሊሜትር፣ 8 ሜትር የሆነ የመንገድ መብራት 56 ሚሊሜትር ይሆናሉ። ሙሉ ሕንፃ መሥራት ግዴታ አይደለም፤ የፈረሰ የማዕዘን ግድግዳና ሁለት ወለል ይበቃሉ።

እዚህ ላይ በብዛት የሚታየው ጉድለት የግድግዳው ውፍረት ነው። የ20 ሳንቲሜትር የኮንክሪት ግድግዳ በዚህ ስኬል 1.4 ሚሊሜትር ብቻ ነው፤ ጠንካራ ካርቶን ልክ ይመጣል። በ5 ሚሊሜትር ፎም የሠራው ሰው ግን ሳያስበው 72 ሴንቲሜትር ውፍረት ያለው የምሽግ ግንብ ገንብቷል። ከፈረሰው ግድግዳ ላይ ተጣመው ለሚወጡት ብረቶች የኤሌክትሪክ ገመድ ውስጥ ያለው ቀጭን የመዳብ ክር ይበቃል፤ ከዚያ የወፈረ ሽቦ ብረት ሳይሆን የውኃ ቧንቧ ይመስላል።

ደን ያምራል፣ ግን ሠሪውን ይቀጣል። ከ10 እስከ 15 ሜትር የሚደርሱ ዛፎች በ1/144 ከ7 እስከ 10 ሳንቲሜትር ስለሚሆኑ የሮቦቱ ራስና ትከሻ ከቅጠሉ በላይ ይወጣል፤ ይህ ግሩም እይታ ነው። ነገር ግን ቀናት ሙሉ ቀለም የተቀባው ወገብና ጭን ይሸፈናል። የዛፉን ዝርያም ማሰብ ይገባል፦ የእንጦጦን ዓይነት ባሕር ዛፍ ለመሥራት የተነሣ ሰው 30 ሜትር የደረሰው 21 ሳንቲሜትር እንደሚሆንበት፣ ጋንዳሙም ከዛፍ በታች የቆመ እረኛ እንደሚሆንበት አስቀድሞ ይወቅ።

የጥገና አዳራሽ ብዙ ሰው የማያስበው ጥሩ አማራጭ ነው። ሮቦቱን በአቧራ ማቆሸሽ ለማይፈልግ፣ አዲስና ንጹሕ አድርጎ ማቆየት ለሚወድ ሰው ከዚህ የሚስማማ የለም። ሥራው ቀጥ ያለ መስመር ብቻ ነው፦ የተቀባ ወለል፣ ቢጫና ጥቁር የማስጠንቀቂያ ዝንጉርጉር፣ መሰላል፣ መተላለፊያ ድልድይ። መሰላሉና የእጅ መደገፊያው የሰውን ልክ ስለሚያስታውሱ ግዝፈቱ ከከተማው ባልተናነሰ ይነበባል።

በአየር ላይ ወይም በሕዋ ላይ የሚበር አቋም ለመረጠ ሰው ግን መሬት መሥራት ከንቱ ድካም ነው። ባንዳይ አክሽን ቤዝ እያለ የሚሸጠው ባለ ክንድ ማቆሚያ ይበቃዋል።

ፎም፣ ጀሶ፣ ወረቀት

የመሬቱ አካል ከምን ይሠራ የሚለው ብዙ የሚያከራክር ጥያቄ ነው፤ ለእኔ ግን መልሱ የማያሻማ ነው።

ጠጣሩ የግንባታ ፎም፣ ማለትም ሰማያዊ ወይም ሮዝ ሆኖ በሰሌዳ የሚሸጠው፣ ከሁሉም ይበልጣል። በስለታም ቢላዋ እንደ አይብ ይቆረጣል፣ በእርሳስ ሲጫኑት የንጣፍ ድንጋይ መስመር ይይዛል፣ በተሰባበረ ድንጋይ ሲደበድቡት የኮንክሪት ፊት ያወጣል። ክብደት የለውም ማለት ይቻላል፦ 30 በ20 ሳንቲሜትር የሆነና 2 ሳንቲሜትር የወፈረ ሰሌዳ 50 ግራም አይሞላም። በዚያው ልክ የፈሰሰ ጀሶ ከደረቀም በኋላ ከአንድ ኪሎ በላይ ነው። አሜሪካና አውሮፓ የሚኖር ሰው ከግንባታ ዕቃ መደብር በቀላሉ ያገኘዋል።

ይህ ፎም ካልተገኘ የቴሌቪዥንና የፍሪጅ ማሸጊያ ሆኖ የሚመጣው ነጩ ፎም አለ፤ በነጻ ይገኛል። ሲቆረጥ ፍሬ ፍሬ እየሆነ ይበተናል፣ ጥርት ያለ ጠርዝም አይሰጥም። ስለዚህ ኮረብታውን ከነጩ ሠርቶ የሚታየውን ፊት በስስ ጀሶ ወይም በስቱኮ መሸፈን ነው። ሁለቱም ፎሞች አንድ ጠላት አላቸው፦ ስፕሬይ ቀለምና የቀለም ማቅጠኛ ያቀልጧቸዋል፤ ሱፐር ግሉም ይበላቸዋል። በነጭ የእንጨት ኮላ ይጣበቁ፣ ከዚያም ኮላ በተቀላቀለበት የውኃ ቀለም ቀዳዳ ሳይቀር ይሸፈኑ። በጋለ ሽቦ ለመቁረጥ ያሰበ ሰው መስኮት ከፍቶ ይሥራ፤ ጭሱ መርዛማ ነው።

ጀሶ የሚሸነፈው በክብደቱና በተሰባሪነቱ ነው፤ ለድንጋይ ፊት ግን አቻ የለውም። ጎማ መሳይ ቅርጽ ማውጫ ባይኖርም በተጨማደደ የአሉሚኒየም ፎይል ላይ ፈስሶ ሲደርቅ የተፈጥሮ ገደል መልክ ይይዛል። የተሰነጠቀ አስፋልት ለሚፈልግ ሰውም በፕላስቲክ ላይ 2 ሚሊሜትር አድርጎ አፍስሶ፣ ሲደርቅ በእጅ ሰብሮ፣ ስብርባሪውን በቦታው መግጠም ነው፤ የትኛውም መሣሪያ እንዲህ ያለ ስንጥቅ አይሠራም። ዱቄቱ ወደ ውኃው ይጨመር እንጂ ውኃው ወደ ዱቄቱ አይጨመር፤ የተረፈው ደግሞ ሳህን ማጠቢያ ውስጥ አይደፋ፣ ቧንቧ ውስጥ ገብቶ ይጠነክራልና። እንግዲህ አካሉ ፎም፣ ቆዳው ጀሶ ይሁን ባይ ነኝ።

ጋዜጣን በኮላ እየነከሩ መደራረብ ገንዘብ አያስወጣም፤ ለመድረቅ ግን ቀናት ይፈጅበታል፣ ሲደርቅ ይሸበሸባል፣ የተጣበቀበትንም ጣውላ ይዞ ይጎብጣል። ለትልቅ ኮረብታ ካልሆነ አልመክረውም።

ከሁሉም ሥር ጣውላ ያስፈልጋል። 12 ሚሊሜትር ኮምፔንሳቶ ጥሩ ነው፤ ከላይ ብቻ እርጥበት ካገኘ ስለሚጎብጥ ሥራው ከመጀመሩ በፊት ሁለቱም ፊቱ ቫርኒሽ ይቀባ። አናጺ ቤት መሄድ ለማይፈልግ ያረጀ የፎቶ ፍሬም ይበቃዋል፤ ጠርዙ ተሠርቶ ያለቀ ነው።

የመሬቱ ልብስ

አፈር ከደጃፍ ይገኛል። ተነፍቶ፣ በ100 ዲግሪ ምድጃ ውስጥ ግማሽ ሰዓት ያህል ከደረቀ በኋላ ውኃ በተቀላቀለበት ኮላ ይጣበቃል፤ ኮላውና ውኃው እኩል በእኩል ሆነው አንድ ጠብታ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ቢጨመርባቸው አፈሩ ላይ ሳይንጠባለሉ ይሰርጋሉ። የቡና አተላም ግሩም ጥቁር አፈር ይወጣዋል፤ ችግሩ ትንሽ እርጥበት ከቀረበት መሻገቱ ነው። ለሣር፣ ሰጋቱራን አረንጓዴ ቀለም ነክሮ ማድረቅ የድሮ የባቡር ሞዴል ሠሪዎች ዘዴ ነው፤ ለ1/144 እስከ ዛሬ ያገለግላል። በኤሌክትሪክ ኃይል የሚቆመው ሰው ሠራሽ ሣር ይበልጥ እውነት ይመስላል፤ ነገር ግን ሲገዛ ርዝመቱ ይታይ፦ 2 ሚሊሜትር የሆነው በ1/144 29 ሳንቲሜትር፣ ማለትም ጉልበት የማይደርስ ሣር ነው፤ 6 ሚሊሜትር የሆነው ግን 86 ሳንቲሜትር ስለሚሆን የሰው ወገብ ድረስ ይደርሳል።

ውኃ ላይ ብዙ ሰው ገንዘቡን ያባክናል። ኤፖክሲ ሬዚን የሚባለው ፈስሶ የሚጠነክር ሙጫ መሳይ ፈሳሽ ጥልቅና ጥርት ያለ ውኃ ይሰጣል፤ ሲጠነክር ግን ይሞቃል፣ ወፍራም ሆኖ ከፈሰሰ ፎሙንና የሮቦቱን እግር ሊያጣምም ይችላል፤ በትንሿ ቀዳዳም ይፈስሳል። በጓንት፣ ነፋሻ ቦታ ላይ፣ በስስ በስሱ እያደረጉ ነው የሚያፈሱት። አሁን ወደ መለኪያችን እንመለስ፦ በ1/144 አንድ ሜትር ጥልቀት 7 ሚሊሜትር ነው። ለኩሬና ለጎርፍ ሬዚን ጨርሶ አያስፈልግም፤ መሬቱን ጠቆር አድርጎ ቀብቶ የሚያብረቀርቅ ቫርኒሽ ሁለት ሦስት ጊዜ መደራረብ ይበቃል። ባሕር ለሚሠራም የአንድ ሜትር ማዕበል 7 ሚሊሜትር ብቻ መሆኑን አይርሳ፤ ጣት የሚያህል ማዕበል የሠራ ሰው ሮቦቱን ገንዳ ውስጥ አስገብቶታል። ለበረዶ ብዙዎች ቤኪንግ ሶዳ ይጠቀማሉ፤ ኮላ ከነካው ውሎ አድሮ ስለሚቢጫ ለበረዶ የተዘጋጀውን ዱቄት መግዛት ይሻላል።

እግሩ መሬት ሲይዝ

60 ቶን የሚመዝን ነገር አፈር ላይ ቆሞ ዱካ ካልተወ ባዶ ፕላስቲክ መሆኑ ይታወቃል። በ1/144 3 ሚሊሜትር ተኩል ጥልቀት ግማሽ ሜትር ያህል ነው፤ ለስላሳ አፈር ላይ ይህ ልክ ነው። ጀሶው ሳይደርቅ እግሩን በስስ ፕላስቲክ ጠቅልሎ መጫን፣ ጠርዙ ላይ አፈሩ እንዲፈነቀል ማድረግ፣ ከኋላም አንድ ሁለት ዱካ መጨመር ነው። አስፋልት ላይ ደግሞ ከእግሩ ዙሪያ የሚወጣ ስንጥቅ ያንኑ ሥራ ይሠራል። ከዚህ በኋላ የመሬቱ አቧራ ሮቦቱ ላይ እስከ ጉልበቱ ይውጣ፤ ያንኑ የመሬቱን ቀለም ጠመኔ ፈጭቶ በብሩሽ ማሸት ይበቃል። በማቅጠኛ የሚሟሟ የአቧራ ቀለም ግን መገጣጠሚያዎቹ ላይ አይፍሰስ፤ ኤቢኤስ ከተባለው ፕላስቲክ የተሠሩ ክፍሎች በዚያ ምክንያት ይሰነጠቃሉ።

ማጣበቅ ወይስ በሽቦ መሰካት? መሰካት። የእግሩን መርገጫ በስቶ 2 ሚሊሜትር የነሐስ ሽቦ ማስገባት፣ ሌላውን ጫፍ ፎሙን አልፎ ጣውላው ድረስ መስደድ ነው። ሮቦቱ ለማጽዳትም ለማጓጓዝም ይነሳል፤ አቋሙን መቀየር ለሚወድ ሰውም መንገድ አይዘጋም። መቆሚያው ላይ ሲቀመጥ ከጠርዙ ጋር ትይዩ አይሁን፤ ሮቦቱም መንገዱም ወደ አንድ ጎን ትንሽ ቢዞሩ ትዕይንቱ ከሰፊ ቦታ ተቆርጦ የመጣ ይመስላል። በየዙሪያው 3 ወይም 4 ሳንቲሜትር ይተርፍ፤ ከዚያ በላይ የሆነ ባዶ ቦታ ሮቦቱን ያሳንሰዋል።

መሸፈኛው በመጨረሻ ይገዛል፣ ልኩ ግን በመጀመሪያ ይወሰዳል። መስታወት በቀላሉ አይጫርም፣ ግን ይከብዳል። አክሪሊክ የሚባለው መስታወት መሳይ ፕላስቲክ ቀላል ነው፣ ሲወለወል ግን አቧራ ይስባል፤ በእርጥብ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ ይጠረግ። ከፍታው የሚለካው ከራሱ አናት ሳይሆን ከተነሳው ሰይፍ ወይም ከግንባሩ ቀንድ ጫፍ ነው፤ በዚያ ላይ 3 ሳንቲሜትር ይጨመር። የሚቀመጥበት ቦታ ፀሐይ የማይመታው ይሁን፤ ነጩ ፕላስቲክ በፀሐይ ይቢጫል።